በካርቶኑ ሥዕል የተመረጠው መመርመሪያ

ዶክተሬ ሕክምና ተምሮ አያውቅም። መካኒክ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የሰው መኪና ሆድ ውስጥ እጁን ሲከት የኖረ ሰው ነው፤ ስሙን ያወጡለትም ደንበኞቹ ናቸው። መኪና ገና የግቢውን በር ሲያልፍ፣ የያዘውን ጨርቅ ትከሻው ላይ ጣል ያደርግና ያዳምጣል። ከዚያ «ሦስተኛዋ አኩርፋለች» ይላል። ሲፈታ፣ እውነትም ያኮረፈችው ሦስተኛዋ ሲሊንደር ሆና ትገኛለች። እንዲህ ያለ ሰው ዶክተሬ ቢባል አይበዛበትም።

ትምህርቱን ግን ያቋረጠው ከአራተኛ ክፍል ነበር። በገዛ ቋንቋው የተጻፈውን ቀስ እያለ ያነባል፤ እንግሊዝኛ ላይ ሲደርስ ዓይኑ ይንሸራተታል። ይህን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ እሱና ሚስቱ። ሚስቱ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ስለምትሠራ ቀኑን ሙሉ የምታገላብጠው የእንግሊዝኛ ወረቀት ነው። ከተጋቡ ጀምሮ በቀን ግማሽ ሰዓት ስጠኝና ላስተምርህ ስትለው ኖራለች። እሱ ሁልጊዜ ደክሞታል።

ነገሩ የጀመረው በኢንጂነሩ መኪና ነው። ኢንጂነሩ ዕድሜያቸውን መንገድ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ ሲሰናበቱ መሥሪያ ቤታቸው የለቀቀላቸውን ቅንጡ የመስክ መኪና ይነዳሉ። ለጭቃና ለገደል የተሠራች ናት ይባላል፤ እሳቸው ግን ሲያካፋ እንኳ ከቤት አያወጧትም። የቆዳ ወንበሯ አዲስ ጫማ ይሸታል። በሯ ሲዘጋ አይጮህም፣ ይተነፍሳል። የሠፈሩ ባለሙያዎች «እመቤቲቱ» ይሏታል። እንደ ሌላው መኪና በብረት ሞላ ላይ አትቆምም፤ የምትቆመው አየር በተሞሉ አራት ትራሶች ላይ ነው።

ይህች እመቤት አንድ ጠዋት የኋላ ቀኝ እግሯን አጥፋ ተንበርክካ ተገኘች። ሞተሩ ሲነሳ አየር ትሞላና ቀጥ ትላለች፤ ስታድር ደግሞ ትንበረከካለች። ኢንጂነሩ ጋራዥ ይዘዋት መጡ። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ የዛሬ መኪና በኮምፒውተር ካልታየ የተቀረው ግምት ነው ሲባል መስማታቸውን ለዶክተሬ ነገሩት። ክፉ አስበው አልነበረም። ለእሱ ግን «ግምት» የምትለዋ ቃል ከበደችው። ሃያ ስድስት ዓመቱን በአንዲት ቃል ጠቅልለው መልሰው የሰጡት መሰለው።

«መሣሪያውማ እየመጣልኝ ነው» አላቸው።

ምንም እየመጣለት አልነበረም።

በማግስቱ የሥራ ልብሱን አውልቆ፣ የእሁድ ሸሚዙን ለብሶ የመመርመሪያ መሣሪያ የሚሸጥበት ሱቅ ሄደ። መስታወቱ ውስጥ ሦስት ዓይነት ተደርድሯል። አንደኛው የክብሪት ሣጥን የምታህል፣ መኪናው ላይ ተሰክታ ውጤቷን ስልክ ላይ የምታሳይ ናት። ሁለተኛው የእጅ መሣሪያ ነው፤ ገመድና ትንሽ መስኮት አለው። ሦስተኛው በጠንካራ ሻንጣ ተኝቷል፤ ዋጋውን ያየ ሰው ምራቁን ይውጣል። መነጽር ያደረገው ሻጭ ሰው አክባሪ ነበር። የመኪናዋን ሞዴልና የተሠራችበትን ዓመት ይንገሩኝ፣ የቱ መሣሪያ የቷን ክፍል እንደሚያነብ ዝርዝሩን አብረን እንይ ብሎ አንድ ወረቀት ፊቱ ዘረጋለት። ወረቀቱ ላይ ፊደሉ እንደ ጉንዳን ይተራመሳል። ዶክተሬ ጆሮው ጋለ።

«እኔ እኮ መካኒክ ነኝ» አለ።

ሻጩ ደነገጠ። ይቅርታ ጌታዬ፣ ለባለሙያማ ምን እነግራለሁ ብሎ ወረቀቱን አጠፈው። ዶክተሬም ብቻውን ከሦስቱ መሣሪያዎች ጋር ተፋጠጠ። የመረጠው ሁለተኛውን ነው። ዋጋውም ይቀመሳል፤ ዋናው ምክንያት ግን ካርቶኑ ነበር። ካርቶኑ ላይ እመቤቲቱ ራሷ፣ ያው ግንባሯ፣ ያው መብራቷ፣ አለት ላይ ስትወጣ ተስላለች። መለዋወጫ ሲገዛ የኖረውም እንዲሁ ነው፤ የዘይት ማጣሪያ ካርቶን ላይ የዘይት ማጣሪያ ይሳላል፣ የፍሬን ሸራ ካርቶን ላይ የፍሬን ሸራ። ሥዕል አታሎት አያውቅም።

ለኢንጂነሩ ቀጠሮ በሰጣቸው ቀን መሣሪያው ከመሪው ሥር ተሰካ። ጎረቤቶቹም፣ ጎሚስታው የሚጠግነውን ጎማ ጥሎ፣ የመኪና ቆርቆሮ የሚያቃናው ባትላሜራ መዶሻውን ይዞ ሊያዩ መጡ። መስኮቷ በራች፤ ጥቂት ፊደልና ቁጥር አወጣችና ዝም አለች። ዶክተሬ ቁልፎቹን እየነካካ ቆየ። ስለ አየሩ የሚናገር ምንም ነገር አላየም፤ ቢኖርም አያውቀውም። ሦስት ሰዎች አፉን ያያሉ። ከቤቱ ሲወጣ ጀምሮ የጠረጠረው አየር የሚሞላውን ኮምፕሬሰር ነበር።

«ኮምፕሬሰሩ ነው ይላል» አለ።

ባትላሜራው እስከ ዛሬ በጆሮ ስታክመን ኖረህ ዛሬ ገና ራጅ ገዛህ ብሎ ቀለደ፣ ተሳቀ። ዶክተሬም አብሮ ሳቀ።

ኮምፕሬሰሩ የተገዛው ጥግ ላይ ካለችው የመለዋወጫ ሱቅ ነው። የሱቋን ባለቤት ሁሉም እትዬ ይላታል። ዕቃዋን በመጠንና በዓይነት ለይታ በሣጥን የምትደረድር፣ የማታምንበትን ዕቃ ለሰው ከምትሰጥ ሱቋን ዘግታ የምትውል ሴት ናት። ዶክተሬና እሷ በአንድ ዓመት ነው ሥራ የጀመሩት። ኮምፕሬሰሩን አገላብጣ አሳየችውና የተፈተነ ነው ብላ ሰጠችው። ተገጠመ። እመቤቲቱ ሁለት ቀን ቀጥ ብላ አደረች። በሦስተኛው ጠዋት ተንበረከከች።

ኢንጂነሩ መኪናዋን መልሰው ሲያመጡ አልተቆጡም፤ እንደ መሐንዲስ አሰቡ። መሣሪያው ኮምፕሬሰሩ ነው ካለ፣ አዲስ ኮምፕሬሰር ገብቶም ችግሩ ካልጠፋ፣ የገባው ዕቃ አስመስሎ የተሠራ ነው። «ከእትዬ ይህን አልጠብቅም ነበር» አሉ። ከዚያ ወደ ዶክተሬ ዘወር ብለው፣ ሊሆን ይችላል ወይ ብለው ጠየቁት።

ዶክተሬ በአዎንታ ራሱን ብቻ ነቀነቀ፤ አንድ ጊዜ፣ ቀስ ብሎ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ቀናት ሁሉ ያችን ንቅነቃ እያሰበ ነበር። ቃል ቢሆን ተሳስቼ ነው ይባላል፤ ንቅነቃን ምን ይሉታል?

ሳምንት ሳይሞላ እትዬ መጣች። ሱቋን ትታ ጋራዥ መጥታ አታውቅም። ነጠላ ጫማዋን ዘይት እንዳይነካው ግራና ቀኝ እየረገጠች ደረሰችና፣ ደንበኞች ዕቃ ሲገዙ ሣጥኑን እያገላበጡ ጽሑፉን ማየት መጀመራቸውን፣ አንዱማ ክብደቱን አይቼ ልመን፣ ሚዛን ላይ አስቀምጪልኝ እንዳላት ነገረችው። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«አንተ በማሽን አይተኸዋል። ዕቃው ከሆነ ንገረኝ፣ ከላከልኝ ሰው ጋር እጣላለሁ። ካልሆነ ደግሞ ለኢንጂነሩ ንገርልኝ።»

«ማሽን አይዋሽም እህቴ» አላት።

ቀና ብላ አየችው። ከዚያ እሺ ብላ፣ እንደመጣችው ግራና ቀኝ እየረገጠች ተመለሰች። ጀርባዋ ከበሩ እስኪወጣ ድረስ እጁ ላይ ያለውን ብሎን አልፈታውም፣ አላጠበቀውም።

በማግስቱ እሁድ ነበር። ሚስቱ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ድንች ስትልጥ፣ ከመሣሪያው ጋር የመጣውን የመመሪያ ደብተር አጠገቧ ጣል አደረገና ሥራ ከፈታሽ እስኪ ተመልከችው አላት። ሥራ አልፈታችም፤ ግን እጇን አድርቃ ገለጠችው። ቁና ቁና አልተነፈሰች፣ አልተጨነቀች፤ የሰው ካርድ እንደምታነብ አነበበችው። ይህ ለብዙ ዓይነት መኪና ይሆናል ይላል አለችው፤ ሥዕሉ ለምሳሌ ነው። የሚያነበው ሞተር ብቻ ነው። ማርሽ ሣጥን፣ ፍሬንና የአየር ትራስ አያነብም፤ ይህንን ታች በደቃቁ ጽፈውታል። የአየሩን ክፍል የፈለገ ሌላኛውን ዓይነት ይግዛ ይላል፤ ለመኪናው ፋብሪካ ተለይቶ የተሠራውን።

ደብተሩን መለሰችለትና ቢላዋዋን አነሳች። «የኢንጂነሩ መኪና አይደለም አይደል በዚህ የታየው?»

«አይደለም» አላት።

ሚስቱን ዋሽቷት አያውቅም ነበር። ድንቹ አንድ በአንድ ወደ ውሃው ሲገባ ድምፁን እያዳመጠ ተቀመጠ። ይህን ያህል ቀላል ነበር ለካ። ሁለት ደቂቃ፣ አንድ ድንች የሚላጥበት ጊዜ።

ሰኞ ጋራዡ ሳይከፈት ገባ። እዚያው የቆመችውን እመቤቲቱን አስነስቶ አየር አስሞላት፤ ባልዲ ውስጥ የሳሙና ውሃ መታና በስፖንጅ ይዞ ሥሯ ተኛ። የኋላ ቀኙ የአየር ትራስ እጥፋት ላይ ሲያሳርፈው፣ ከጥፍር ጫፍ ካነሰች ስንጥቅ ነጭ አረፋ እየተንፏቀቀ ወጣ። ሌላውን ሁሉ ሞከረ፤ ደህና ነው። ያወጣውን አሮጌ ኮምፕሬሰር ከባትሪ ጋር አገናኘው፤ ያለ አንዳች ችግር አጉረመረመ። ይህንን የሳሙና ውሃ ሺህ ጊዜ ተጠቅሞበታል። በዚያን ቀን ግን ኢንጂነሩ ፊት፣ አዲስ መሣሪያ በእጁ እያለ፣ ባልዲ ይዞ መሬት መተኛት ውርደት መስሎት ነበር።

ኢንጂነሩ ዘንድ ደውሎ እትዬ ሱቅ እንገናኝ አላቸው። እየተራመደ ዓረፍተ ነገር መረጠ። ከሁሉም የምትለሰልሰው «ማሽኑ ተሳስቷል» የምትለዋ ናት። ውሸትም አትመስል፤ ማሽን ደግሞ ስም የለው፣ ቤተሰብ የለው፣ አይከፋው። እትዬም ነፃ ትወጣለች፣ እሱም። ሱቁ ውስጥ ሲገባ ሁለቱም ቆመዋል፤ ኢንጂነሩ ከባንኮኒው ወዲህ፣ እሷ ወዲያ።

«ችግሩ ትራሱ ነው» አለ። «ኮምፕሬሰሩ ደህና ነው፤ አዲሱም አሮጌውም። ማሽኑ ነው የተሳሳተው።»

የእትዬ ትከሻ ወረደ፤ እፎይ ስትል ተሰማ። ኢንጂነሩም ኮፍያቸውን አስተካክለው፣ ማሽን ነው እንግዲህ፣ ምን ይደረጋል አሉ። አለቀ። መውጣት ይችል ነበር። እትዬ እንዲያውም ጎንበስ ብላ ወንበር ስትስብለት አየ፣ ይቀመጥ ዘንድ። ወንበሩ ነው ያላስቻለው።

«ማሽኑ ምንም አላለም» አለ። «እኔ ነኝ ያልኩት። ማሽኑ አየሩን አያነብም፤ ቢያነብም እኔ የጻፈውን አላነብም። እንግሊዝኛ አልችልም።»

ወንበሩ እትዬ እጅ ላይ ቀረ።

ኢንጂነሩ፣ እስከ ዛሬ ታዲያ በምን ነበር የምታውቀው አሉት። በጆሮዬና በእጄ አላቸው። ያ መጥፎ ነው ብዬሃለሁ ወይ አሉት። አላሉም፤ ብለው ቢሆን ይሻለው ነበር። እትዬ ወንበሩን መልሳ ከባንኮኒው ሥር አስገባችው።

«ቅዳሜ ጋራዥህ መጥቼ ለምኜሃለሁ» አለች።

«አዎ።»

«ዓይኔን እያየህ ነው የዋሸኸኝ።»

«አዎ።»

ከዚያ ስትናገር እሱን አላየችውም፤ መደርደሪያዋን ነበር የምታየው። መሣሪያ የሚገዛ ሰው መኪናውን ይዞ ነው የሚሄደው አለች። ሱቁ በር ላይ ይሰካዋል፤ የአየሩን ክፍል ከከፈተ ይገዛዋል፣ ካልከፈተ ይመልሰዋል። ለዚህ ማንበብ አያስፈልግም። ይህንን እንድነግርህ አንድ ቀን እንኳ ብትጠይቀኝ ኖሮ። ዶክተሬን ከስድብ ሁሉ ይበልጥ ይህ አቃጠለው፤ ስድብ አልነበረማ።

የአዲሱን ትራስም የሥራውንም ወጪ እኔ እችላለሁ ሲል ኢንጂነሩ በእጃቸው አቋረጡት። ያስጨነቃቸው ሌላ ነበር። በጣታቸው ሲቆጥሩ ቆዩና፣ «ስለ እትዬ ለአራት ሰው አውርቻለሁ» አሉ። «ሁለቱን እኔ ሄጄ እነግራለሁ። ጎሚስታውና ባትላሜራው ያንተ ናቸው።»

«ምን ብዬ?»

«አሁን እንዳልከው።»

ጎሚስታው ጎማ ውሃ ውስጥ እያሽከረከረ ሰማው። ሲጨርስ፣ እና አሁን ምን ልበልህ አለውና ወደ ጎማው ተመለሰ። ዶክተሬ እንዲስቅበት ተመኝቶ ነበር።

ባትላሜራው ዘንድ ሲደርስ ሰውየው መነጽሩን አጥልቆ አንድ የመኪና በር ላይ በግራይንደር ዝገት ይገፋል። ፍንጣሪው እስከ መንገዱ ይበተናል። ዶክተሬ ተጠግቶ በዝግታ ነገረው። ባትላሜራው ምን አልክ አለ፤ እጁ ከመሣሪያው አልወረደም። ደገመለት። ሰውየው ጆሮውን ወደ እሱ ዘንበል አድርጎ፣ ዶክተር፣ እንደ ሰው ጮክ ብለህ አትናገርም ወይ አለው። ዶክተሬ ደረቱን ሞላ።

«የእትዬ ዕቃ ደህና ነበር! እኔ ነኝ የዋሸሁት፤ እንግሊዝኛ ማንበብ አልችልም!»

ግራይንደሩ ንግግሩ መሐል ላይ ጠፍቶ ነበር። ድምፁ በባዶው አየር ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄደ፤ ጎሚስታው ቀና አለ፣ ለምሳ የሚወጡ ሠራተኞች ቆሙ፣ ጥጉ ላይ እትዬ ሣጥን ታቅፋ በሯ ላይ ወጣች። ባትላሜራው መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ አድርጎ አየው።

ከዚያ በኋላ ለማንም መድገም አላስፈለገውም።