አላውቃቸውም ያልኋቸው መሪጌታ

ልጅ እያለሁ፣ ባሕር ዳር ፋሲሎ ስንኖር፣ ከሁሉ የምወደው እሑድ ከሰዓትን ነበር። የደብራችን ሰንበት ትምህርት ቤት ከጣና ብዙም አይርቅም፤ በመስኮቱ የእርጥብ ደንገልና የዓሣ ሽታ ይገባል። ዘመኑ የደርግ ነውና ወላጆቻችን ድምፃችንን ዝቅ አድርገን እንድንዘምር ያስጠነቅቁን ነበር። ሊያሳፍረን የሚገባው ግን ሌላ ነገር ነበር፤ የመዝሙሮቻችን ዜማ አብዛኛው ከራዲዮ ዘፈን የተወሰደ ነው።

ይህን ያስተካከሉልን መሪጌታ ጥበቡ ናቸው። ከደሴት ገዳም በታንኳ እየተሻገሩ የሚያስተምሩን፣ ዓይናቸው የደከመ፣ ሳቂታ ሽማግሌ ነበሩ። በዘፈኑ አልተቆጡንም። «ቃሉን እናንተው በአማርኛችሁ ጻፉት፤ ዜማው ግን አያቶቻችሁ ከጸለዩበት ይነሣ» ይሉና በመቋሚያቸው ወለሉን እየመቱ ያዜሙልናል። እኔ የጻፍኋትን አጭር መዝሙር በአራራይ ዜማ ያዜሟት ዕለት፣ ያ የጥንት ዜማ የእኔን የልጅ ቃል ሲሸከም ሰምቼ አለቀስሁ።

አንድ እሑድ ደብተሬን እዚያው ረሳሁት። ከፊቱ መዝሙር፣ ከኋላው የሒሳብ የቤት ሥራ የተጻፈበት ደብተር ነው። ሰኞ በእረፍት ሰዓት ከጓደኞቼ ጋር ቆሜ ሳለሁ፣ መሪጌታ ጥምጣማቸውን እንደ ጠመጠሙ፣ ደብተሬን ይዘው በትምህርት ቤቱ በር ሲገቡ አየኋቸው። የፖለቲካ ትምህርት አስተማሪያችን አጠገባችን ነበር። ቤተ ክርስቲያን የሚያዘወትር ተማሪ ስሙ እንደሚመዘገብ የነገረን በዚያው ሰሞን ነው። አባቴ የፋብሪካ ሠራተኛ ነበርና በእኔ የተነሣ ከሥራው ይባረራል ብዬ ፈራሁ። እውነቱን ልናገር ካልሁ ግን፣ ከፍርሃቱ ይልቅ ያሸነፈኝ የተጣጣፈው ጋቢያቸው ነው። በጓደኞቼ ፊት አሳፈረኝ።

«ልጄ፣ መጣሁልሽ» አሉኝ።

አስተማሪው ወደ እኔ ዞረ። «ይህ ደብተራ ምንሽ ነው?»

«አላውቃቸውም» አልሁ።

መሪጌታ ደብተሬን ቀስ ብለው ጋቢያቸው ውስጥ ሸሸጉና፣ «ይቅርታ ጌታዬ፣ ዓይኔ ደክሟል፤ የማውቃት ልጅ መስላኝ ነው» ብለው ተመለሱ። ጓደኞቼ ሳቁ። እኔም አብሬያቸው ሳቅሁ።

በሚቀጥለው እሑድ ልቀር ነበር፤ እናቴ ገፍታ ላከችኝ። መሪጌታ ደብተሩን ሰጡኝና ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብለው፣ «የሒሳቡን ነገር እንዴት አደረግሽው? ተቆጡሽ?» አሉኝ። ሌላ ምንም አላሉም። «ይቅር ይበሉኝ» ማለት ፈልጌ ነበር፤ «ደህና ነው» ብዬ ሄጄ ተቀመጥሁ። ዝናቡ ሲበረታ ወደ ደሴታቸው ተሻግረው ቀሩ። ክረምቱ ሳይወጣም እዚያው አረፉ።

ዛሬ የደብሩ ወጣቶች አዲሱን መዝሙር በጥንቱ ዜማ፣ ያለ ስጋት፣ በድምፅ ማጉያ ይዘምሩታል። አንዳንዴ እኔን ከመቀመጫዬ ያስነሡና «እርስዎ ይህን ከማን ተማሩት?» ይሉኛል። «ከመሪጌታ ጥበቡ» እላለሁ ጮክ ብዬ። ያጨበጭቡልኛል። ስማቸውን ብጠራ ዛሬ የሚደርስብኝ ነገር የለም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ እሳቸው ፊቴ ቆመው ሲጠብቁ፣ መጥራት ነበረብኝ። ጭብጨባው እስኪያልቅ መሬት መሬት አያለሁ።