አራት በርሜል ናፍጣ

እኛ መሥሪያ ቤት አራት በርሜል ናፍጣ የሚያስፈልገው ሰው ስምንት ብሎ ይጽፋል። እኔ ስምንቱን በግማሽ ቆርጬ አራት እፈቅዳለሁ። እሱ ክፉኛ እንደተበደለ ሰው ፊቱን አጨፍግጎ ይፈርማል፤ እኔ ደግሞ የማልበገር ቆጣቢ መስዬ ማኅተሜን አሳርፋለሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ከመጀመሪያውም አራት መሆኑን ሁለታችንም እናውቃለን። ይህን ጨዋታ ስንት ዓመት እንደተጫወትኩት ሳስበው ራሴን እጠላለሁ።

ሥራዬ ሚዛን ከተማ ውስጥ፣ በአንድ የቡና ገበሬዎች ዩኒየን የአቅርቦት ክፍል ነው። ከአማን ዳርቻ እስከ ቴፒ ቆላ ድረስ የተበተኑ ዘጠኝ የእሸት ቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች አሉን። ገበሬው ቀይ እሸቱን ለቅሞ ያመጣል፤ ጣቢያው በሞተር በሚዞር መፈልፈያ ይፈለፍለዋል፣ ያጥበዋል፣ የማድረቂያ አልጋ ላይ ያሰጣዋል። ሞተሩ ናፍጣ ይጠጣል። እሸት ደግሞ ትዕግሥት የለውም፤ በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ ይሞቃል፣ ይቦካል፣ አለቀለት ማለት ነው። እንግዲህ የእኔ ሥራ ናፍጣው ከእሸቱ ቀድሞ እንዲገኝ ማድረግ ነው። እሸቱ መቼ ግጥም ብሎ እንደሚቀላ የሚያውቀው ዝናቡ ነው፤ ናፍጣው መቼ እንደሚመጣ ግን የሚያውቅ የለም። ቦቴው ከጅማ ተነሥቶ ቦንጋን አልፎ እኛ ጋ እስኪደርስ ጭቃው አለ፣ ናዳው አለ፣ ወረፋው አለ።

ወንበሩን ያስረከበችኝ ሴትዮ ቁልፉን ስትሰጠኝ፣ "እኅቴ፣ ማንም የጻፈውን እንዳታምኚ። በግማሽ ቁረጪ፣ በሰላም ትኖሪያለሽ" አለችኝ። ምርቃት የተቀበልኩ ያህል ነበር ያመሰገንኳት። በሽታው ከጣቢያ ብቻ የሚመጣ እንዳልሆነ የገባኝ በኋላ ነው። የዘጠኙን ጣቢያ ድምር ለሥራ አስኪያጁ ሳቀርብ፣ እሱ እንደሚቆርጥ ስለማውቅ እኔም ጨመር አደርጋለሁ። እሱም ነዳጅ ለሚደለድሉት ሰዎች ሲጽፍ፣ እነሱ እንደሚቆርጡ ስለሚያውቅ ይጨምራል። ወረቀቱ ሽቅብ ወጥቶ ቁልቁል እስኪወርድ ድረስ ዘጠኝ ሞተር በእውነት ስንት ናፍጣ እንደሚጠጣ የሚያውቅ አንድ ሰው አይተርፍም። ይህንን "ዕቅድ" እንለዋለን። በባለ ቀለም ሠንጠረዥ አትመን ግድግዳ ላይ ሰቅለነዋል፤ እንግዳ ሲመጣም እናሳያለን። ይቅር ይበለን።

ዘጠነኛው ጣቢያ አዲስ ነበር። ከሚዛን ወደ ቴፒ ሲኬድ ሸኮን አለፍ ብሎ፣ ከዋናው መንገድ በጥርጊያ ወደ ውስጥ ይገባል። በኃላፊነት የተመረጡት እዚያው መንደር ተወልደው ያደጉ ሽማግሌ ናቸው። መንደሩ ከዚያ በፊት ቡናውን ቀይና አረንጓዴ ሳይለይ ሸምጥጦ፣ ደጁ አፈር ላይ አስጥቶ፣ ለመንገድ ዳር ነጋዴ ነበር የሚሸጠው። እሳቸው ቤት ለቤት ዞረው፣ "ቀዩን ብቻ ልቀሙ። ባመጣችሁበት ቀን ይፈለፈላል። ካልተፈለፈለ እኔን ጠይቁኝ" አሉ። ቀዩን ብቻ መልቀም ማለት አንድ ዛፍ ሥር ሦስቴ አራቴ መመላለስ ነው። ሰው ይህን ያህል የሚደክመው የለመነውን ሰው ሲያምን ነው፤ መንደሩም አመናቸው።

ከመስቀል በፊት የፍላጎት ቅጻቸውን ይዘው ቢሮዬ መጡ። እኔ ሳምቡሳ እየበላሁ ነበር። ጫማቸውን በር ላይ ደጋግመው ጠርገው ገቡ፤ ከጉያቸው የተማሪ ደብተር አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉ። የእያንዳንዱን ቤት የቡና ዛፍ ቆጥረው ጽፈዋል። ሞተሩን በባዶና በጭነት አስነሥተው በሰዓት ስንት እንደሚጠጣ ለክተዋል። ከዩኒየኑ ባለሙያዎች ይህን ያደረገ አንድም ሰው የለም፤ እኔንም ጨምሮ።

"አራት ነው፣ ልጄ" አሉኝ። "ሦስት አይበቃም። አምስት ይተርፋል።"

"እሺ ጋሼ፣ እናየዋለን" አልኩ፣ የሳምቡሳውን ዘይት በቅጹ ጠርዝ እየጠረግሁ።

"ዘንድሮ ካልሆነ ሁለተኛ አይሰሙኝም" አሉና ደብተራቸውን አጥፈው ወጡ።

ከሰዓት በኋላ ቅጾቹን ሰብስቤ መቁረጥ ጀመርኩ። አሥሩን አምስት፣ ስምንቱን አራት፣ አሥራ ሁለቱን ስድስት። የሽማግሌው ላይ ስደርስ ቆም አልኩ፤ አልዋሽም፣ ቆም ብያለሁ። "አራት" የሚል ቁጥር እዚያ ክምር ውስጥ አይቼ አላውቅም ነበር። ከዚያ ምን አሰብኩ? "ይሄ ደግሞ ከሁሉም ብልጥ ነው፤ አሳንሶ ጽፎ ሊያሳምነኝ ነው" ብዬ አሰብኩ። ደብተራቸውን በዓይኔ አይቼ! ሁለት ብዬ ጻፍኩና ወደሚቀጥለው ቅጽ አለፍኩ።

ጥቅምት ላይ ዝናቡ አንድ ሳምንት ሙሉ ጣለና በድንገት አቆመ። ፀሐይ ወጣች። የቆላው ቡና ሁሉ ባንድ ጊዜ ቀላ። ሽማግሌው ስልክ ደወሉ፤ መስመሩ እየተቆራረጠ፣ "ልጄ፣ ናፍጣው ነገ ያልቃል። ሰዉ እያመጣ ነው" አሉኝ። ቦቴው የት እንደደረሰ ጠየቅሁ፤ ከቦንጋ ወዲህ መንገድ ተደርምሶ ቆሟል ተባልኩ። ስምንቱ ጣቢያዎች ጋ ደወልኩ። ትርፍ ናፍጣ አላችሁ? ጠብታ የለም። ጠብታ የለም። ስምንቱም አንድ አስተማሪ ያስጠናቸው ይመስል ጠብታ የለም።

በማግስቱ አላስችል ብሎኝ አማን አቅራቢያ ወዳለው ጣቢያ ሄድኩ። የዚያ ጣቢያ ኃላፊ ተጫዋች ሰው ነው፣ ሰርጌ ላይ እስኪያልበው የጨፈረ። የቡና ገለባ የሚከመርበት መጠለያ አጠገብ ቆመን እያወራን ነፋሱ ገለባውን ገፈፍ ሲያደርገው የበርሜል ክዳን ብቅ አለ። እግሬን ሰድጄ ገለባውን ገለጥኩት። አምስት ሙሉ በርሜል።

"ይሄ ለክፉ ቀን ነው" አለኝ ሳያፍር።

"ዛሬ ክፉ ቀን ነው! ሰውዬው እሸት ሊበሰብስባቸው ነው!"

"የእኔ ክፉ ቀን አይደለማ፣ እታለም። ደግሞ ተረጂኝ። ዛሬ ብሰጥሽ፣ ሳያስፈልገኝ እንደጠየቅሁ ታወቀብኝ ማለት ነው። ከርሞ ከግማሽም በታች ትቆርጪብኛለሽ። አትቆርጪም? እስቲ ማዪ!"

መማል አልቻልኩም፤ እንደምቆርጥ አውቃለሁ። ከሁሉም ያንገበገበኝ ይሄ ነው። ሰውዬው ክፉ ቢሆን ኖሮ ተሳድቤ ይወጣልኝ ነበር፤ እሱ ግን እኔ ያወጣሁትን ሕግ ነበር የሚነግረኝ።

እዚያ ቀኑን ሙሉ ስንጨቃጨቅ ዋልን። በማግስቱ ረፋድ ላይ ሁለት በርሜል ሊሰጥ ተስማማ፤ ግን "ከማዕከላዊ መጋዘን ወጪ የሆነ" የሚል ወረቀት ካልተጻፈ፣ ስሙም ካልተነሣ አይሆንም አለ። ማዕከላዊ መጋዘናችን ውስጥ ከአይጥና ከአሮጌ ጆንያ በቀር ምንም የለም። ጻፍኩለት፣ ፈረምኩለት። መኪና ስፈልግ ሌላ ቀን አለፈ፤ በርሜሎቹ ተጭነው ጥርጊያውን ስንገባ ሞተሩ ከቆመ ሦስተኛ ቀን ሆኖት ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

ሽታው ከመኪናው ሳንወርድ ነበር የተቀበለን። የጠላ ጥንስስ ውስጥ አይጥ ቢሞት እንደዚያ የሚሸት ይመስለኛል። ቀይ የነበረው እሸት ጠቁሮ፣ ቁመቴን በሚያህል ክምር፣ ከመሐሉ እንፋሎት ያወጣል። ከሥሩ የሚፈሰው ቡናማ አተላ በቦዩ ወርዶ ዝንብ ወሮታል። አፍንጫዬን በነጠላዬ ይዤ ከመኪናው ጀርባ ቆምኩ። አንዲት ሴት ጆንያዋን ጀርባዋ ላይ እንዳዘለች ቆማ ታየኝ ነበር፤ ዘወር አላለችልኝም፣ አይዞሽም አላለችኝ።

ሽማግሌው ክምሩ ላይ ናቸው። ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው፣ ሙቀቱ እንዲቀንስ በአካፋ ያገላብጣሉ። ሦስት ቀን እንደዚያ እንደዋሉ ሰዉ ነገረኝ። አዲስ የሚመጣውንም አልመለሱም፤ እቀበላለሁ ስላሉ ይመዝናሉ፣ ይጽፋሉ፣ ከክምሩ ለየት አድርገው ያፈሳሉ፣ ከዚያ አካፋቸውን ያነሣሉ። ሲያዩኝ ወረዱ። ሰላምታም ሰጡኝ።

"አራት ብዬሽ ነበር" አሉ።

"ጋሼ፣ ሁሉም ሰው አብዝቶ ነው የሚጽፈው። ስለዚህ እኛ እንቆርጣለን። እርስዎም አብዝተው የጻፉ መስሎኝ…"

አካፋቸውን መሬት ላይ ተከሉ። "አብዝተህ ጻፍ ያለኝ ሰው የለም" አሉ። "ወረቀቱ 'የሚያስፈልግ መጠን' ይላል። የሚያስፈልገውን ጻፍኩ።"

 ሌላው ሁሉ ሳይነገረው የሚያውቀውን እሳቸው አላወቁም፤ ጥፋታቸው ይኸው ነው።

ሞተሩ ተነሣና የዚያን ቀኑ እሸት ተፈለፈለ። የቀደመው ክምር ግን ጉድጓድ ተቆፍሮ ተደፋ። የመንደሩ ሰው ዙሪያውን ቆሞ አየ። አንድ ሰው እንኳ ቢጮኽ፣ ቢሰድበኝ፣ ደስ ይለኝ ነበር። ያቺ ጆንያ ያዘለች ሴት ብቻ ወደ ሽማግሌው ዞራ፣ "ቀዩን ብቻ አልከን። አራቴ ተመላለስን" አለቻቸው። አንተ እያለች። እሳቸው አንገታቸውን ደፍተው፣ "አዎ፣ እኔ ነኝ ያልኩት" አሉ። ዩኒየኑ አላሉም፣ ናፍጣው አላሉም፣ ይቺ ሴትዮ ብለውም ወደ እኔ አልጠቆሙም። ምነው በጠቆሙ!

ሚዛን ስመለስ ሪፖርት መጻፍ ነበረብኝ። "ባልተጠበቀ የዝናብ መዛባትና በመንገድ መቆረጥ ምክንያት የደረሰ ብልሽት" ብዬ ጻፍኩ። ሥራ አስኪያጁ አነበበና "ጥሩ ተገልጿል" አለኝ። ባልተጠበቀ! ሚዛን ተወልጄ ያደግሁ፣ ዝናብ ያልጠበቅሁበት ወር የማላስታውስ ሰው ነኝ። መንገዱም ቢሆን ያልተደረመሰበት ዓመት አላውቅም። ዝናቡም መንገዱም በየዓመቱ የሚያደርጉትን ነው ያደረጉት። የማይታወቀው የእኛ ቁጥር ነበር፤ እሱን ደግሞ በእጃችን ነው ያጠፋነው።

በቀጣዩ ዓመት ቅጽ እስኪመጣ አልጠበቅሁም። ናፍጣ ገና ሲገባ፣ ማንንም ሳልጠይቅ አራት በርሜል ሙሉውን ለዚያ ጣቢያ አስጫንኩ። ሸክሜ የቀለለ መስሎኝ ነበር። ያን ሰሞን ሻይ ቤት ሁሉ እየሳቅሁ ነው የገባሁት።

ኅዳር አጋማሽ ላይ የጭነት መኪናው ተመለሰ። አራቱም በርሜል ላዩ ላይ ነው፣ ክዳናቸው ያልተነካ። ሾፌሩ ከተማሪ ደብተር የተቀደደ ወረቀት ሰጠኝ። ጽሑፉ ደማቅና ቀጥ ያለ ነው፦ "እሸት አልመጣም። ሰው ሁሉ በየደጁ አስጥቷል። ቤት ለቤት ዞሬ ነበር። ናፍጣው አልተነካም፤ ለሚያስፈልገው ስጡ።" ሾፌሩን፣ "አንድም ሰው አላመጣላቸውም?" ብዬ ጠየቅሁት። "የራሳቸውን ቡና ለቅመው ለብቻቸው ተቀምጠው ነበር። በእጅ ይፈለፍላሉ። ለዚች ብዬ ሞተር አላስነሣም አሉኝ" አለኝ።

የዓመቱ ማጠቃለያ ስብሰባ የተደረገው ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ነው፤ የታሸገ ውሃ፣ ቆሎ፣ ከኋላ ትልቅ ባነር። ሥራ አስኪያጁ ሠንጠረዡን ግድግዳ ላይ አበራና በጣቱ እየተከተለ ወደ ዘጠነኛው ጣቢያ ወረደ። የዘጠነኛው ጣቢያ የናፍጣ ፍጆታ ዜሮ ነው። ብልሽት ዜሮ። በዩኒየኑ ታሪክ የተረከበውን ነዳጅ ሳይጎድል የመለሰ የመጀመሪያው ጣቢያ መሆኑን ተናገረና ሌሎቻችሁ ከዚህ ተማሩ አለ። የቁጠባ አርአያ የሚል የምስክር ወረቀት በመስታወት ታሽጎ ተዘጋጅቷል። የአማኑ ኃላፊ አጠገቤ ቁጭ ብሎ በክርኑ ጎሸም አደረገኝና፣ "ሽማግሌው ጨዋታው ገባቸው አይደል?" ብሎ ሳቀ።

ስማቸው ሦስቴ ተጠራ። አልመጡም። ሥራ አስኪያጁ አዳራሹን ቃኘና ዓይኑ እኔ ላይ አረፈ፤ "በይ፣ አቅርቦት ትቀበልላቸው፣ የእሷም ድካም አለበት" አለ። ጭብጨባው ሞቀ። ተነሥቼ ወደ መድረኩ ሄድኩ፣ በሁለት እጄ ተቀበልኩ፣ ጎንበስ ብዬ እጅ ነሣሁ።