ሙጫ ያላጣበቃቸው ጣቶች

እናት በገዛ ልጇ ወንጀለኛ ትደረግ? እስቲ ይታያችሁ! ጫማ ፋብሪካ ውስጥ ሶል ስታጣብቅ ኖራ፣ የሙጫው ሽታ ከእጇ አልለቅ ብሎ ሰፈሩ ሁሉ «ሙጫዋ» የሚላት ሴት የመጀመሪያ ልጇን ወለደች። ሕፃኗ ጤነኛ ናት፤ ጩኸቷ ጣሪያ ይነቀንቃል። ብቻ የቀኝ እጇ የመሀል ጣትና የቀለበት ጣት እስከ ጫፋቸው አንድ ላይ ናቸው።

አማቷ አዩና አፋቸውን ያዙ። ያዙ ስል ለአፍታ ነው።

«ብያለሁ! ነፍሰ ጡር ሆነሽ ያንን ሙጫ ስታሸቺ፣ ይኸው ጣቷን አጣበቅሽው!»

ሙጫዋ አመነች። እሷ መቼ ሰው ተናግሯት አላመነች! እጇን ብርድ ልብስ ውስጥ ቀብራ፣ ልጇ በረሃብ እሪ ስትል እንኳ «እኔ አልነካትም» አለች። ባሏ ግድግዳ ተደግፎ መሬት መሬቱን ያያል።

አዋላጇ ነርስ ጦፈች። «የምን ሙጫ? የማናችንም እጅ ማህፀን ውስጥ ሲጀምር እንደ ጭልፋ ድፍን ነው። ከዚያ መልእክተኛ ፕሮቲኖች በጣቶቹ መሀል ላሉት ሴሎች ‹ሥራችሁ አልቋል፣ ሙቱ› ይሏቸዋል። ሲሞቱ ነው ጣት ከጣት የሚለየው። እዚህ ጋ መልእክቱ በደንብ አልደረሰም፤ ሴሎቹም ሳይሞቱ ቀሩ። ሳይለያይ ቀረ እንጂ የተጣበቀ ነገር የለም! በኦፕራሲዮን ይስተካከላል። አንዳንዴ በዘር ይመጣል፤ ከቤተሰቡ እንዲህ ያለ ሰው አለ?»

«በኛ ዘር? ወግጂ!» አሉ አማትየው።

ወይ ድፍረት! እኚህ ሴት እኮ በጠራራ ፀሐይ ካልሲ የማያወልቁ፣ ምራታቸው ስትጠይቃቸው «ብርድ አይስማማኝም» የሚሉ ናቸው። በማዋለጃ ክፍሉ በር ላይ ሰው ሁሉ ጫማውን አውልቆ በባዶ እግሩ የክፍሉን ነጠላ ጫማ ሲያደርግ፣ እሳቸው ካልሲያቸውን እንዳጠለቁ ነው የገቡት።

ሕፃኗ እንደገና አለቀሰች። ባልየው ከግድግዳው ተላቀቀ።

«እማዬ፣ ካልሲሽን አውልቂ።»

«ምን አልክ አንተ?»

«አውልቂ አልኩ! ልጄ እየተራበች ነው።»

አጉረመረሙ፣ ተራገሙ፣ በመጨረሻ አወለቁ። ሁለተኛውና ሦስተኛው የእግራቸው ጣት አንድ ላይ ነበሩ።

ሙጫዋ የአማቷን እግር አየች። ይህን ሁሉ እያወቀ ዝም ያለውን ባሏን ገላመጠችው። ከዚያ እጇን ከብርድ ልብሱ አውጥታ ልጇን ታቀፈች፣ ጡቷንም አጎረሰቻት። ዕድሜ ልኳን ለማንም መልስ ሰጥታ የማታውቀው ሴት ቀና አለች።

«እማማ፣ የእርስዎ እናት የየትኛው ፋብሪካ ሠራተኛ ነበሩ?»