ከለቡ የመለስነው ውሻ

ውሻችን የጠፋው ቅዳሜ ከሰዓት ነው፤ የውሃ ቦቴ እንዲገባ የግቢውን በር ወለል አድርገን በከፈትንበት ሰዓት። መካኒሳ ውስጥ ያልዞርኩበት ቅያስ፣ ያልጠየቅኩት ባለሱቅ አልነበረም። ባለቤቴ «ሴት ተከትሎ ይሆናል፣ ይመጣል» እያለ ሊያጽናናኝ ሞከረ።

እሁድ ጠዋት ፊት ለፊታችን የሚኖሩት ጡረተኛ ሹፌር በራችንን አንኳኩ።

«ልጄ፣ ውሻሽ ግዙፍ ነው። እንዲህ ያለ ውሻ ሲጠፋ እኔን ሌላ ነገር ነው የሚታየኝ» አሉኝ። ለቡ ሰፈር አንድ ጅምር ሕንፃ ውስጥ እሁድ እሁድ ውሻ እንደሚያዋጉ ታክሲ ተራ ላይ ሰምተዋል። ባለቤቴ ሥራ ገብቶ ስለነበር ከእሳቸው ጋር ሄድኩ።

ሚኒባስ ውስጥ የወጣትነታቸውን አጫወቱኝ። ያኔ ማንም እንደ ነውር አያየውም፤ የሰፈሩ ጎረምሳ ወንዝ ዳር ሜዳ ላይ ተሰብስቦ የራሱን ውሻ ከሌላ ሰፈር ውሻ ጋር ያናክሳል። እሳቸውም የማይሸነፍ ጥቁር ውሻ ነበራቸው። አንድ ቀን አንገቱ ተዘንጥሎ እጃቸው ላይ ሞተ።

«ከዚያ ወዲህ ውሻ አሳድጌ አላውቅም» አሉ። «አሁን ክልክል ነው። ቆርቆሮ ውስጥ ተደበቁ እንጂ መች ተዉት?»

ሕንፃው ጋ ስንደርስ ከቆርቆሮ አጥሩ ጀርባ ፉጨትና ጩኸት ይሰማል። እኔ ውጭ ቆም አልኩ። እሳቸው ግን ቆርቆሮውን ገፋ አድርገው ገቡ፤ ተከተልኳቸው።

ውሻችን ከሰዎቹ መሀል ቆሟል። ፊት ለፊቱ ጆሮው የተቆረጠ ውሻ ሰንሰለቱን እየጎተተ ያጓራል። «ተዉ!» ብዬ ልጮህ አፌን ስከፍት፣ የኛው ጉድ በጀርባው ተንጋለለ። አራት እግሩን ሰቅሎ ሆዱን አሳያቸው። ሰዎቹ ሳቃቸውን ለቀቁት።

«የዚች ልጅ ውሻ ነው፤ እንወስደዋለን» አሉ ጎረቤቴ፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ።

ኮፍያ ያደረገው ሰውዬ «ፋዘር፣ እኛ መንገድ ላይ ነው ያገኘነው» አለ።

«አንገቱ ላይ ያለውን ማሰሪያ መንገዱ ነው ያሰረለት?»

ሰውዬው አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ የተንጋለለውን ውሻ አየና እጁን አወናጨፈ። «ውሰዱት ባካችሁ! ይሄ በግ እንጂ ውሻ አይደለም።»

በስድብ እንደዚያ ተደስቼ አላውቅም። አሸዋው ላይ ተንበርክኬ አቀፍኩት። ጆሮው ላይ ከነበረች ጭረት በቀር ደህና ነበር።

ከውሻ ጋር የሚጭነን ታክሲ ስላጣን በእግራችን ተመለስን፤ መንገዳችን ላይ ፖሊስ ጣቢያ ገብተን ተናገርን። በማግስቱ ቦታው ባዶ ሆኖ ተገኘ። ወደ ሀይሌ ጋርመንት ሰፈር ተሻግረዋል የሚል ወሬም አለ፤ እንደማይተዉት አሁን እኔም አምኛለሁ።

ያን እሁድ ግን ስለ እነሱ ማሰብ አልቻልኩም። ውሻው በረንዳው ላይ ተዘርግቶ ማንኮራፋት ሲጀምር፣ አጠገቡ ቁጭ ብዬ የተረፈ ሽሮ በላሁ። ከጠፋ ጀምሮ እህል ከአፌ አልገባም ነበር።