የኩሬዋ ማኅሌተኞች

ይህን ለንስሐ አባቴም ተናግሬው አላውቅም። ስንቱን ኃጢአት ዘርዝሬ እግራቸው ሥር ወድቄያለሁ፤ ይህችን ግን ዋጥኳት። ዛሬ ላንተ ልንገርህ፣ አንባቢዬ።

አባቴ ከዘመሮ ወጣ ብላ ባለች ደብር መሪጌታ ነበሩ። ዓይናቸው ከጠፋ በኋላ ዳገቱን ወጥተው ማኅሌት መቆም ስላልቻሉ፣ ከቤታችን በታች ካለችው ኩሬ ዳር ተቀምጠው ዜማ ያስተምሩ ነበር። ክረምት ከገባ እስከ መስከረም ኩሬዋ በእንቁራሪት ትሞላለች። ወዲያ ማዶ ያሉት ይጀምራሉ፣ ወዲህ ያሉት ይቀበላሉ። አባቴ ይስቁና፣ "ስሚ ልጄ፣ ቀኝና ግራ ሆነው ቆመዋል እኮ! ከኛ ደብተራዎች ይሻላሉ፤ እነዚህ አያንጎላጁም" ይሉኝ ነበር። በመቋሚያቸው መሬቱን እየመቱም አብረዋቸው ያዜማሉ። ያ ድምፅ እንዴት ይናፍቀኛል!

ደርግ ወድቆ ብዙም ሳይቆይ ነው። መሐል ሜዳ ትምህርት ልገባ ስል ነጠላዬን በእንዶድ አጠብኩ። የእንዶድ እጣቢ ውሃ ውስጥ ያለውን ነፍስ ሁሉ ስለሚፈጅ፣ ከኩሬ ርቆ ደረቅ መሬት ላይ ይደፋል። ይህን በአገራችን የማያውቅ የለም። እኔስ አላውቅም ነበር? አውቅ ነበር! ግን ውሃ ማመላለሱ ሰለቸኝ። ነጠላዬን እዚያው ኩሬው ውስጥ አለቀለቅኩ፤ የገበቴውንም እጣቢ ደፋሁበት። ሲነጋ ትልልቆቹ እንቁራሪቶችም፣ ጭራቸው ገና ያልጠፋው ልጆቻቸውም ሆዳቸውን ገልብጠው ተንሳፍፈው አገኘኋቸው። ማንም ሳያየኝ በወንፊት እያወጣሁ ቀበርኳቸው።

አመሻሽ ላይ ተማሪዎቹ ለልመና መንደር ወጥተው፣ አባቴ እንደ ልማዳቸው ብቻቸውን ተቀመጡ። ጆሯቸውን ወደ ኩሬዋ አቅንተው፣ "ልጄ፣ ምነው ዛሬ ዝም አሉ?" አሉኝ።

"ኧረ እየጮኹ ነው፣ አባዬ" አልኩ።

"ጆሮዬም ዓይኔን ተከተለ በይኛ!"

ልጃቸውን አምነው ሌላ ሰው አልጠየቁም። በማግስቱ ተማሪዎቻቸውን ሰብስበው፣ "ዜማ በጆሮ ነው። እኔ ያልሰማሁትን ስሕተት ይዛችሁ አገር እንድትዞሩ አልፈልግም" ብለው ወደ ሌላ መምህር አሰናበቷቸው። አንድ ቃል ብናገር ይመለሱ ነበር። እኔ ግን ነጩን ነጠላዬን ለብሼ መሐል ሜዳ ሄድኩ።

ከዚያ ወዲህ አባቴ አላዜሙም። ሰው ሲያናግራቸው ደኅና አድርገው እየሰሙ እንኳ "እስቲ ጮክ በል" ይሉ ነበር። ነፍሳቸው ስትወጣ አጠገባቸው ነበርኩ፤ ያን ጊዜም አፌ ተያዘ።

ልጅ ነበርኩ ልበል? አልልም። ካንተም ይቅርታ አልጠይቅም፤ የበደልኩት አንተን አይደለም። አባዬ፣ ጆሮዎ ደኅና ነበር። የዋሸሁዎት እኔ ነኝ።