የእናቴ ካውያ

እርጥብ ጨርቅ ላይ ካውያ ሳሳርፍ የሚወጣው ሽታ ሁሌም ደሴ ይወስደኛል። እዚህ ዓረብ አገር፣ ጀበል አል-ሁሴን በሚባል ሰፈር፣ በተከራየኋት አንድ ክፍል ልብስ እሰፋለሁ፤ እዚያው ሁለት ልጆቼን አሳድጋለሁ። ዛሬ ከሀብታሞቹ ሰፈር ከዴር ግባር የመጣች ደንበኛዬ፣ ማዳም፣ ቀሚሷን እየተኮስኩላት ትልቋ ልጄ ስትዘፍን ሰማች። «ልጆቹን የሚይዝልሽ ካላገኘሽ ኻላስ፣ በቃ፣ ሥራ አላመጣልሽም» አለችኝ። ልጄ ዘፈኗን አቋረጠች።

እናቴም ቤታችን ውስጥ የሰው ልብስ በከሰል ካውያ ትተኩስ ነበር። ታናሽ ወንድሜ ፍም እንዳይነካ ወገቡን በነጠላ ከአልጋው እግር ጋር ታስረው ነበር። አንድ ቀን አንዲት ደንበኛዋ በጩኸታችን ተማረረችና «እነዚህን አስወጪልኝ» አለቻት። እናቴ ግማሹ ያልተተኮሰውን ቀሚስ አጣጥፋ አስታቀፈቻት።

«የመጣሽው እነሱ ቤት ነው» አለቻት። ከዚያ ወደ እኛ ዞራ፣ «ምን ዝም ትላላችሁ? ተጫወቱ» አለችን። ፍሙ ገና አልጠፋም ነበር፤ ሌላ ሥራ ስላልነበራት የእኛን አሮጌ ልብስ ስትተኩስ ዋለች።

ማዳም መልሴን እየጠበቀች ነው። ካውያውን አቆምኩት። ቀሚሷን ተኩሼ ሳልጨርሰው አጣጥፌ ሰጠኋትና ወደ ልጄ ዞርኩ።

«ዘፈኑን የቱ ጋ ነበር ያቆምሽው?» አልኳት።