የርግቢት እግርና የጆሮዬ ዱቄት

እኔ አስናቀው ፍኖተ ሰላም ውስጥ ወፍጮ ጠጋኝ ነኝ። ይህችን አንዲት ነገር አፌን ሞልቼ ለመናገር ሃምሳ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል። ከቡሬ በታች ካለው የዓባይ በረሃ ጀምሮ እስከ ሰከላ ደጋ ድረስ፣ አልነሳ ያለ ሞተር ወይም ድንጋዩን የሚያዞረው ቺንጋ የተበጠሰበት ወፍጮ ካለ የሚጠራው እኔን ነው። በሥራዬ ማንም አይስቅብኝም። የሚያስቀው ምላሴ ነው፤ ለታላቅ እህቴ ለገላነሽ ኢንጂነር ነኝ ብያታለሁ።

ገላነሽ እናታችን ስትሞት በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችኝ ናት። ዘጌ አገባችና ጣና ዳር ቀረች። ሥራ በያዝኩ በዓመቱ ልጠይቃት ሄጄ "ምን ሥራ ያዝህ?" ስትለኝ፣ ባሏ አለበል ከጎናችን ጀልባውን ይወለውል ነበር። ባለ ሞተር ጀልባ! ወደ አገሩ ከተመለሰ ፈረንጅ የገዛት፣ አፍንጫዋ የሾለ፣ ርግቢት የሚላት። እንዲህ ያለ ባለ ጀልባ ፊት ቆሞ ወፍጮ ጠጋኝ ነኝ የሚል ወንድ አለ? "የሞተር ኢንጂነር ነኝ" አልኩ። ካፍ የወጣ አፋፍ ሆነና ይኸው ሃያ ስድስት ዓመት። ዘጌ በሄድኩ ቁጥር ሦስት ጊዜ እታጠባለሁ፣ ጥፍሬን እቆርጣለሁ፣ ክራባት አስራለሁ። ጀልባ ላይ ክራባት! የዘጌ ጦጣ ሳይቀር ይስቅብኝ ነበር።

አለበል ሲሞት የርግቢት ሞተርም ነክሶ አልዞር ብሎ ቀረ። ሦስት ዓመት ሙሉ ዳር ላይ ተደፍታ ከረመች። የአለበል ወንድም አድማሴ "ለዶሮ ቤት ትሆነኛለች" እያለ ይመላለስ ጀመር። ባለፈው ጥር ግን የጤና ሰዎች መጡ፤ ክትባትና ሐኪም በሐይቁ ዳር ላሉ መንደሮች የሚያደርስ ጀልባ ይፈልጋሉ። ስምንት ሰው ከነመድኃኒት ሣጥኑ ጭና በፍጥነት ከሄደች ሥራው የገላነሽ ነው። ካልሄደች ዶሮዎቹ ይገቡባታል።

እህቴ ደወለችልኝ። "ወንድምዓለም፣ ከድሮው የበለጠ ጉልበት ያለው ሞተር ገዝቻለሁ። ና ግጠምልኝ። አሮጌው እግር ይበቃው ይሆን?"

እግር የምትለው ከጀልባዋ ኋላ ወጥቶ ውሃ ውስጥ የሚንጠለጠለውን ነው። ሞተሩ ጀልባዋ ውስጥ ይቀመጣል፤ እግሩ ጉልበቱን ተቀብሎ በጥርስ እያስተላለፈ ጫፉ ላይ ያለውን ፕሮፔለር ያዞራል። "አይበቃም" አልኳት፤ "ለትንሽ ሞተር የተሠራ እግር ትልቅ ሞተር ሲገጠምበት ጥርሱ ይረግፋል።" እውነቴን ነው። ክራባቴን እስክፈታ ድረስ በትክክል የተናገርኩት እሱን ብቻ ነው።

በማግስቱ በቡሬ፣ በኮሶበር፣ በዳንግላ አድርጌ ባሕር ዳር ገባሁ። የጀልባ ዕቃ የምትሸጠው ልጅ ዮርዳኖስ ትባላለች፤ ሥራዋን የምታውቅ፣ ፈጣን ልጅ። የሞተራችንን ጉልበት የሚችሉ ሁለት እግሮች አወጣችልኝ። መልካቸው አንድ ነው፤ ልዩነታቸው ጥርሳቸው ላይ ነው። በአንዱ ሞተሩ አንድ ጊዜ ተኩል ሲዞር ፕሮፔለሩ አንድ ጊዜ ይዞራል። በሌላው ሞተሩ ሁለት ጊዜ ዞሮ ነው ፕሮፔለሩ አንድ ጊዜ የሚዞረው። የመጀመሪያው ፈጣን፣ ሁለተኛው ዘገምተኛ።

"ስንት ሰው ነው የሚጭኑት?" አለችኝ።

"የምንፈልገው ፍጥነት ነው" አልኩ።

"እሱማ እሺ፣ ግን አገራችን ከፍታ ነው። ሞተር እዚህ ሲመጣ አቅሙ ይቀንሳል፤ ጭነት ካለ ደግሞ..."

"እኔ እኮ ኢንጂነር ነኝ" አልኩና ክራባቴን አስተካከልኩ። ልጅቷ ደረሰኙን ጻፈችልኝ። ፈጣኑን ተሸክሜ ወጣሁ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት እኔ ነኝ።

ሦስት ቀን ሠርቼ ገጠምኩት። እኔና ገላነሽ ብቻችንን ተሳፍረን ስንሞክራት ርግቢት በረረች! እህቴ ነጠላዋን ጥርሷ ላይ ነክሳ፣ እንባዋ በነፋስ ወደ ጆሮዋ እየሄደ "አለበልን ባሳየሁት!" አለች። እኔ ደረቴን ነፋሁ። ዳር ላይ ለቆመው አድማሴ "ለዶሮህ ሌላ ቤት ፈልግ!" ብዬ ጮህኩበት።

ማክሰኞ የጤና ሰዎቹ መጡ። አለቃቸው ናሁሰናይ የክትባቱን ሣጥን እንደ ሕፃን አቅፎ ተቀመጠ። ስምንት ሰው ሞላ። ርግቢትን አስነስቼ ነዳጅ ሰጠኋት። አቤት ውርደት! ሞተሩ አቃሰተ፣ ጥቁር ጭስ ለቀቀ፣ ኋላዋ ሰመጠ፣ አፍንጫዋ ወደ ሰማይ ተሰቀለ። አልነሳም አለች። ነዳጅ ስጨምር ጭስ ትጨምራለች። በደንገል ታንኳ የሚቀዝፍ አንድ ሽማግሌ ከጎናችን እኩል ሲሄድ ቆየና "አያ፣ ልጎትታችሁ እንዴ?" አለ። ሐኪሞቹ ሳቁ።

"ሐይቁ ዛሬ ከብዷል" አልኩ። ሐይቅ ከበደ የሚል ኢንጂነር! ቀጥዬ ነዳጁን ሰደብኩ፣ ከዚያ ፕሮፔለሩን፣ ከዚያ የፈረንጁን አገር። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን።

ስንመለስ ናሁሰናይ ለገላነሽ ጎንበስ ብሎ "እማማ፣ እስከ ሐሙስ ካልተስተካከለች ሌላ ጀልባ እንይዛለን፤ አይቀየሙን" አላት። እነሱ እንደሄዱ አድማሴ በሸምበቆ የርግቢትን ወርድ መለካት ጀመረ። ሐፍረተ ቢስ!

እኔ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አገጬን ይዣለሁ። ገላነሽ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

"ወንድምዓለም፣ ይህ ወፍጮ ቢሆን ኖሮ ምን ታደርገው ነበር?"

ከድንጋዩ ብድግ አልኩ። "ወፍጮ? እኔ ስለ ወፍጮ ምን አውቄ?"

"ኧረ ተወኝ እባክህ! ሃያ ስድስት ዓመት በጆሮህ ዱቄት ይዘህ እየመጣህ? ፊትህን ትታጠባለህ፣ ክራባትህን ታስራለህ፣ ጆሮህን ግን ማን ይይልህ። አንዳንዴ ጤፍ ነው፣ አንዳንዴ በቆሎ። አለበል፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አንተን ከሸኘን በኋላ 'ዘንድሮ ኢንጂነሩ ምን ፈጭቷል?' ይለኝ ነበር።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አልጠላም። "ታዲያ እያወቅሽ ለምን ጠራሽኝ?"

"ኢንጂነርማ ባሕር ዳር ሞልቷል። እኔ የፈለግሁት ሸክምና ሞተር ሲታገሉ የሚያውቀውን ሰው ነው። አዝዬ ያሳደግሁትን ወንድሜን ጠራሁ፤ የመጣልኝ ግን ክራባቱ ነው።"

አለቀስኩ። ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው፤ አድማሴ እያየኝ አለቀስኩ። ያፈርኩት በወፍጮዬ አልነበረም፤ ከኔ በፊት ሥራዬን ያከበረችልኝን ሴት ሃያ ስድስት ዓመት እንደ ሞኝ በመቁጠሬ ነው።

ከዚያ ክራባቱን ፈታሁና እንደ ወፍጮ ጠጋኝ ማሰብ ጀመርኩ። ነገሩ ጨዋታ ሆኖ ተገኘ እኮ! አንድ ዓመት ከዓባይ በረሃ ያወጣነውን ሞተር ሰከላ ላይ ተከልነው። በረሃ ላይ እንደ አንበሳ ያገሳ የነበረው ሞተር ደጋው ላይ በቆሎ ሲጨመርበት ትንፋሽ አጠረው። ምን አደረግሁ? ሞተሩ ላይ ያለውን፣ ቺንጋው የሚጠመጠምበትን ፑሌጋ አውልቄ በአነስተኛ ተካሁት። ሞተሩ ብዙ ዞሮ ድንጋዩን ቀስ ብሎ፣ ግን በጉልበት አዞረው። ዱቄቱም ላመ። ርግቢትም ያው ናት፤ ከፍታው የሞተሩን ትንፋሽ ወስዶበታል፣ ስምንት ሰው ደግሞ ስምንት ኩንታል በቆሎ ነው። እኔ ለባዶ ወፍጮ የሚሆን እግር ገጥሜ፣ ባዶውን አስፈጭቼ ጨፈርኩ።

ረቡዕ ጠዋት ፈጣኑን እግር ተሸክሜ ዮርዳኖስ ፊት ቆምኩ። "እኔ ወፍጮ ጠጋኝ ነኝ፤ ያንን ዘገምተኛውን ስጪኝ" አልኳት።

"ታዲያ ይህን መጀመሪያ አይሉም!" ብላ ሳቀች። "ወፍጮ ጠጋኝ መሆንዎን ባውቅ ስለ ፑሌጋ አውርተን በአምስት ደቂቃ እንግባባ ነበር።" ቀየረችልኝ፤ ለሱ የሚስማማ ፕሮፔለርም ጨመረችልኝ።

ሐሙስ ስምንቱም ተሳፈሩ። ቀስ ብዬ ነዳጅ ሰጠኋት። ሞተሩ ሳያቃስት ዞረ፤ ርግቢት አንዴ ኋላዋን ዝቅ አደረገች፣ ከዚያ ሆዷን ከውሃው አንስታ ሄደች። ብቻችንን እንደሞከርናት ቀን አልበረረችም። ግን የታንኳው ሽማግሌ ከኋላችን እጁን እያውለበለበ ቀረ። ገላነሽ የጀልባዋን ጠርዝ ይዛ የአለበልን ስም ብቻ በከንፈሯ ስትል አየኋት።

ስንደርስ ናሁሰናይ ሣጥኑን አስቀምጦ "ሥራው የእርስዎ ነው፣ እማማ። ማነው ግን እንዲህ ያስተካከላት? ኢንጂነር አመጡ እንዴ?" አላት።

እህቴ መልሱን ለኔ ተወችው። ዞር ብላ እኔን አየችኝ፣ ጠበቀችኝ።

"እኔ ነኝ" አልኩ። "አስናቀው እባላለሁ፤ ፍኖተ ሰላም ወፍጮ ጠጋኝ ነኝ።"

ገላነሽ የነጠላዋን ጫፍ በምራቋ አርሳ፣ ስምንት የጤና ሰው እያየ፣ እንደ ልጅነቴ ጭንቅላቴን ያዝ አድርጋ ጆሮዬን ጠረገችኝ።

"የጤፍ ነው" አለቻቸው።